ውሃ ያልጠጣ ብሎኬት

ግንበኛውን ሰው ሁሉ ቱምቢ ይለዋል። ቱምቢ የግድግዳን ቀጥ ማለት ለማየት በሲባጎ የሚንጠለጠለው ሹል ብረት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቆመው ግንብ አንድም ቀን ጎበጠ ተብሎ ስለማያውቅ ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። ከመገንባቱ ይልቅ ግን የሚታወቀው ብሎኬት በመምረጡ ነበር። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ ወደ ማምረቻው ይዞት ይሄዳል። እሱ ሁለት ብሎኬት ያነሣና ያጋጫቸዋል፤ ጆሮውንም ዘንበል ያደርጋል። «ቅጭል» ካሉ ደህና ነው። «ዱፍ» ካሉ ፊቱን ያዞራል፤ ከዚያ ወዲያ አምራቹ ቢምል ቢገዘት አይሰማውም። ጥርጣሬ ከቀረው በምስማር ይጭራቸዋል፣ ከጉልበቱ ከፍታ መሬት ላይ ይለቃቸዋል።

«ሚስትህንም እንዲህ አጋጭተህ ነው የመረጥካት?» እያሉ ይስቁበታል።

«እሷ ናት እኔን ያጋጨችኝ። ዱፍ ብል ጊዜ ጥላኝ ሄደች» ይላል፣ ሳይከፋው።

አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ዕድሜውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ሳንባው አልታዘዝ ሲለው ቤት የዋለ ሾፌር ነው። ልጅ አልወለዱም። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃቸውን ሲያግዙ ኖረው በስተርጅና አንዲት ጠባብ ቦታ እጃቸው ገባች። የሚፈልጉት ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ አንዱ መኝታ፣ ሌላው የስፌት መኪናዋ የሚቀመጥበት።

ሾፌሩ ታዲያ ብሎኬት አልገዛም አለ። «ለስንቱ ሰው ስንት ብሎኬት ጭኜ አድርሻለሁ! ለራሴ ቤትማ በእጄ ነው የምሠራው» ብሎ የብረት ቅርጽ ተዋሰና ቦታው ላይ ተተከለ። አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን ያቦካል፤ ቅርጹ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ገልብጦ ያወጣል። ሲያስለው ይቀመጣል፣ ሲሻለው ይነሣል። በቀን ስምንትም አሥርም እያለ አራት ወር ሠራ። መጀመሪያ የሳቁበት ጎረቤቶች ኋላ ኋላ ሲያልፉ «በርታ!» ማለት ጀመሩ። ሚስቱም ለወንድሟ «ብሎኬቱ ደርሷል፤ ናና ገንባ» ብላ ላከችበት።

ቱምቢ ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ብሎኬቱ አጥሩን ተጠግቶ እንደ መጽሐፍ ተደርድሯል። ጠርዙ ስለት ነው። በየድርድሩ አናት ላይ የተሠራበት ቀን በጠመኔ ተጽፏል። ሾፌሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ አባት ይጠብቀዋል።

«እንዴት ነው?» አለው።

«ቁመናው ግሩም ነው፣ ጋሼ።»

«ቁመናውን ማን ጠየቀህ! አጋጨው እንጂ። ለሰው ሁሉ ታጋጭ የለም እንዴ?»

ቱምቢ ሁለት አነሣ። ገና ሲያነሣቸው አውራ ጣቱ ያረፈበት ጠርዝ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር ብሎ መዳፉ ላይ ወረደ። አጋጫቸው። ዱፍ አሉ። ከሌላ ድርድር ሌላ ሁለት አነሣ። እነሱም ዱፍ። ሾፌሩ ሳሉን ውጦ፣ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል፤ ጆሮው ግን የሞተር ድምፅ እንጂ የብሎኬት ድምፅ አያውቅም።

«እህሳ?»

ቱምቢ ብሎኬቶቹን ቦታቸው መለሰ። «ደህና ነው» አለ።

ሾፌሩ ጭኑን በጥፊ መታ። «አላልኩሽም!» ብሎ ወደ ሚስቱ ተጣራ። «ቱምቢ እንኳ እንከን አጣለት!»

ቱምቢ እህቱን ይዟት ከአጥሩ ውጭ ወጣ። «እታለም፣ ይሄ ነገር ውሃ ጠጥቷል?»

አቀረቀረች። ብሎኬት ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ሲሚንቶው ሳይዝ ይደርቃል። ላዩ ድንጋይ መስሎ ውስጡ አመድ ይሆናል። ይህን እሷም ታውቃለች፤ የግንበኛ እህት ናት።

«ቧንቧው በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው» አለች። «ከታች ሰፈር በጀሪካን ማመላለስ ነበረበት። መጀመሪያ ሰሞን አመላለሰ። ኋላ ትንፋሹ አልበቃው አለ። አልቻልኩም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው። ስመጣ ላይ ላዩን እርጥብ እርጥብ አድርጎ ይጠብቀኛል።»

«አንቺስ አትቀጂም ነበር?»

«ልቀዳ ብል ‹ሥራዬን አትንኪብኝ› ብሎ ጮኸብኝ። በዚያ ሳል ላይ ማን ያስጩኸው?»

«ይሄ ግድግዳ አይሆንም፣ እታለም። ልንገረው።»

ክንዱን ጨብጣ ያዘችው። «ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኩህም። ቢበዛ ዓመት ነው አለኝ። አራት ወር ሙሉ ይሄ ሰው በእግሩ የቆመው በዚህ ብሎኬት ነው። ንገረው፣ አልከለክልህም። ስትነግረው ግን እኔ አጠገባችሁ አልቆምም።»

ቱምቢ አልነገረውም።

ብልሃት ግን ፈለገ። መጀመሪያ፣ «ጋሼ፣ ከታች ያሉትን ሦስት ረድፎች ከማምረቻ በመጣ ብሎኬት እናድርጋቸው፤ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት አለ» አለው። ሾፌሩ ዓይኑን አፈጠጠ። «የኔ ብሎኬት ምን ጎድሎት ነው መሠረት ላይ የማይቀመጠው?» ቱምቢ ይህን ተወው። በአራቱ ማዕዘን የብረት ፌሮ አቁሞ የኮንክሪት ኮለን ሞላ፤ ጣሪያው እሱ ላይ እንዲያርፍ። ማያያዣውን ሲሚንቶ አብዝቶ አቦካ። እህቱ ብሎኬት እያቀበለችው፣ በእጁ ላይ የተፈረከሰውን ሾፌሩ ሳያየው አሸዋው ክምር ሥር እየቀበረ፣ ረድፍ በረድፍ ወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ ገንብቶ አያውቅም። ግድግዳው ቀጥ አለ፤ ለዓይን ውብ ሆነ። «ዝናቡ ሳይገባ ውጭውን ልስን ካለበስነው አንድ ሁለት ክረምት ይገፋል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ጣሪያው የተመታ ቀን ሾፌሩ በርጩማውን ይዞ ገባ። «መኪናሽ እዚህ፣ መስኮቱ ሥር» አላት ሚስቱን። «ብርሃን በግራሽ ይመጣልሻል። እኔ እዚያ ጋ ቁጭ ብዬ ስትሰፊ አይሻለሁ።»

«ቁጭ ብለህ ልትቆጣጠረኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ቱምቢ እህቱ እንዲያ ስትስቅ ካየ ዓመታት ሆኖት ነበር። መሰላል ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ።

ሲሚንቶው ለልስኑ አልደረሰም። ሌላ እስኪመጣ ሲጠብቁ ዝናቡ ከወትሮው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ገባ። አራት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሾፌሩ ለሚስቱ ሳይነግር ዣንጥላውን ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ሄደ፤ ከዚያ በአንድ ጎረቤት ቱምቢን አስጠራው።

ቱምቢ ሲገባ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሞ ነበር። ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ጠቁሯል፤ በመስኮቱ ሥር ሆዱን ወደ ውስጥ ገፍቷል። ሾፌሩ ዞር አላለም። ሌባ ጣቱን ብሎኬቱ ላይ አስደገፈና ገፋው። ጣቱ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

«ለሰው ሁሉ እያጋጨህ ትመርጣለህ» አለ በቀስታ። «የኔን ስታጋጭ ምን ሰማህ?»

«ጋሼ...»

«ምን ሰማህ ነው የምልህ?»

«ጥሩ እንዳልሆነ ሰማሁ።»

«እና?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል።

«እሷም ታውቃለች?»

ቱምቢ አንገቱን ደፋ።

«አሃ። ለሁለት ሆናችሁ እንደ ሕፃን አጫወታችሁኝ» አለ ሾፌሩ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ስማ። ያን ቀን ዱፍ ብሏል ብትለኝ፣ እሰድብህ ነበር። ሳምንት አላናግርህም ነበር። ከዚያ ቅርጹን አምጣ እልሃለሁ። ያን ጊዜ ቢያንስ አካፋ የሚያነሳ እጅ ነበረኝ። አንተ ውሃ ትቀዳልኝ ነበር። ነበር ወይስ አልነበረም?»

«እቀዳ ነበር።»

«አሁን ምን ላድርግበት?» ብሎ እጁን ዘረጋለት። እጁ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

በማግስቱ ቱምቢና እህቱ ግድግዳውን አፈረሱት፤ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ሌላ መላ አልነበረም። መዶሻ እንኳ አላስፈለገውም። በእግር ሲገፉት እየተናደ፣ መሬት ሲነካ አሸዋ ሆነ። ቱምቢ የሚተርፍ ፍለጋ አንድ ባንድ ቢያገላብጥም እጅ የሚሞላ አላገኘም። ቆርቆሮውን አውርደው ለሚፈልግ ሰጡ። አራቱ ኮለኖች ባዶ ቦታ ላይ ፌሯቸውን ወደ ላይ ቀስረው ቀሩ።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ ከኪራዩ ክፍል አልወጣም። ቱምቢ እሑድ እሑድ እየሄደ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶት ይተኛል። ከሚስቱ ጋር ይነጋገራል፤ ውሃ ስጪኝ፣ መስኮቱን ዝጊው፣ በቃ ይህን ያህል ነው። አንድ እሑድ ቱምቢ አልቻለም። «ጋሼ፣ በድዬሃለሁ» አለው። ሾፌሩ ትከሻው እንኳ አልተነቃነቀም። ነቅቶ እንደነበር ግን ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል።

ሐኪሙ ዓመት ቢልም ሾፌሩ ክረምቱን አልጨረሰም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ቱምቢ እህቱ ቤት ቆየ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ የስፌት መኪናው፣ ከዚያ ሰው ቆሞ የሚዞርበት ቦታ የለም። እህቱ አንሶላውን ስታጣጥፍ ቆየችና ቀና ብላ አየችው።

«እኔ አልኩህ እንጂ፣ አንተ እኮ እምቢ ማለት ትችል ነበር» አለች።

«እችል ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት ለማንም አልዋሸህም።»

«አልዋሸሁም።»

«አንድ ቀን ብትዋሽ፣ ለኔ ዋሸህ።» እንባ አልነበራትም። «መጨረሻ ላይ የጠየቀኝን ታውቃለህ? ‹ሌላስ ምን ደብቀሽኛል?› አለኝ። ሐኪሙ ያለውን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ‹ተይው› አለኝ። ‹ተይው፣ ብትነግሪኝም አላምንሽም።› ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ሆነ።»

ቱምቢ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ የምትሸሽበት ቦታ ስላልነበረ የስፌት መኪናው ላይ ተደገፈች።

«ሂድ እስቲ፣ ወንድምዬ» አለችው። «እስክጠራህ ድረስ አትምጣ። ሳይህ ዓይኔ ያንን ግድግዳ ነው የሚያየው።»

ሄደ። ወራት አለፉ፤ በጋው መጣ፤ እንደገና ዝናብ ገባ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በመንገዷ ያልፋል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከበሩ ወዲያ ይሰማዋል። ጥቂት ይቆምና ይሄዳል። እሷም አልጠራችውም።