ሁለቱ ኮረብታዎች የሚጋሩት

የሺሀረግ አሶሳ ላይ የቴሌኮም ኔትወርክ መሐንዲስ ናት። ወላጆቿ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ፈታትቶ ማየት ትወዳለች፤ ቢሮ ከገባች በኋላም ጠባይዋ አልለቀቃትም። አንድ ታወር ባየች ቁጥር «ይሄ የቆመው በምን ላይ ነው?» ትላለች። ሲሚንቶውን ማለቷ አይደለም። መብራቱ ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ማን ይተካዋል? ድምፁ በየትኛው ታወር በኩል አሶሳ ይደርሳል?

ይህን ሁሉ ሰብስባ ኮምፒውተሯ ላይ ሞዴል ሠራችለት። የክልሉ ታወር፣ አንቴና፣ ባትሪና ጄኔሬተር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱ ከሚደገፍበት ነገር ጋር በመስመር ተያይዟል። አንዱን «ጠፋ» ስትለው፣ እሱን ተከትለው የሚጠፉት ተራ በተራ ቀይ ይሆናሉ። ለሞዴሉ አንድ ደንብም ሰጥታዋለች፦ ጤና ጣቢያ ያለባት ከተማ ሁሉ ወደ አሶሳ ሁለት የስልክ መንገድ ይኑራት፣ ሁለቱ መንገዶች ደግሞ በአንድ ነገር ላይ አይንጠልጠሉ።

ከኩርሙክ መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ደንብ በሚገባ ታሟላ ነበር። አንደኛው መንገዷ በቀርከሃው ኮረብታ ታወር በኩል ነው፤ ሁለተኛው በድንጋያማው ኮረብታ በኩል። ታወሮቹ ይራራቃሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጄኔሬተር አላቸው። ሞዴሉ አረንጓዴ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ግን ሁለቱም ኮረብታዎች በአንድ ጠዋት ዝም አሉ። ከተማይቱም አብራ ዝም አለች።

አለቃዋ ኪዳኔ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን ተመለከተ። «ይሄ ሞዴልሽ አይሆንም ያለው ነገር አይደለም?» አላት። ሊያሾፍባት ብሎ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«ነው። ስለዚህ እኔ ያላየሁት፣ ሁለቱ የሚጋሩት ነገር አለ ማለት ነው» አለችው። ማፈር የነበረባት ይመስላታል፤ ግን ከእፍረቱ ይልቅ ጉጉቱ በለጠባት። «ናፍጣ የሚያደርሰው መኪና ሲነሳ አብሬ ልሂድ።»

የናፍጣው መኪና ሹፌር ዋሊድ ነው፤ የመንጌ ሰው፣ ጎልማሳ። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። እስከ ቀትር ድረስ ተጓዙና አንድ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋ። ደፍራሹ ውሃ መሻገሪያውን ውጦታል።

«አይዞህ ኢንጂነር፣ ከሰዓት ውሃው ትቀንሳለች፣ ኢንሻአላህ» አላትና ሊሰግድ ወረደ።

ሲመለስ የሺሀረግን ውሃው ዳር ቆማ አገኛት። «ጋሽ ዋሊድ፣ ወደ ቀርከሃው ኮረብታ የምትሄደው በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው።»

«ወደ ድንጋያማውስ?»

«እሱም በዚህ። ከማዶ ነው መንገዱ የሚለያይ። ባለፈው ሳምንት አላሳለፈኝም፣ ተመልሻለሁ። ለቢሮ ተናግሬያለሁ።»

ለቢሮ መናገሩ እውነት ነው። የተናገረው ግን ለትራንስፖርት ክፍል ነበር፤ ለትራንስፖርት ክፍል ወንዝ መሙላት የመንገድ ጉዳይ ነው፣ የኔትወርክ አይደለም። የሺሀረግ ውሃውን እያየች ፈገግ አለች። ሁለት ጄኔሬተር፣ አንድ ናፍጣ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ወንዝ። ሞዴሏ ጄኔሬተሩ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ «ጄኔሬተሩስ የቆመው በምን ላይ ነው?» ብላ አልጠየቀችም።

ውሃው አመሻሹ ላይ ጎደለና ተሻገሩ። በማግስቱ ሁለቱም ታወሮች ናፍጣቸውን ጠጥተው ተነሱ። ከተማዋ ሲደርሱ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ዓፊያ ስልኳን እንደያዘች ወጥታ ተቀበለቻቸው። አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ወደ አሶሳ እንድትሄድ አምቡላንስ ለመጥራት ሰው በሞተር ሳይክል መላክ ነበረባት። «ውሃው ጎደል ሲል ተሻግራ ደርሳለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ለጥቂት ነው» አለች።

የሺሀረግ አሶሳ እንደተመለሰች ወንዙን፣ መንገዱን፣ መኪናውንና ሹፌሩን ሞዴሉ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ደንቡን እንደገና እንዲፈትሽ አዘዘችው። ያቺ ከተማ ብቻ ትቀላለች ብላ ስትጠብቅ፣ አረንጓዴ የነበረው ካርታ ግማሽ ያህሉ ቀላ።

ኪዳኔ ቀይ የሆኑትን ከተሞች አንድ በአንድ ቆጠረ። ከተሞቹ ሁሉ ሁለት መንገድ እንዳላቸው ለበላይ ያሳወቀው እሱ ራሱ ነው። «እንዲህ ሆኖ ይላክ?» አለችው በስጋት።

«እንዲህ እንዳለ ይላክ። ያልኩትን የማስተካክለው እኔ ነኝ» አላት።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ በቀርከሃው ኮረብታ ላይ ሶላር ተተከለ፤ በድንጋያማው ላይ ደግሞ ክረምቱን የሚያሻግር ትልቅ የናፍጣ ታንከር ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ዋሊድ ቢሮዋ ጎራ አለ። «እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ገባህ አሉኝ። የት ነኝ?»

አሳየችው። ስሙን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ አጥፋኝ።»

የሺሀረግ ስሙን ለመንካት አመነታች። ደስ ባይላትም ነካችው። ከሱ የወጡት መስመሮች እስከ ሩቅ ድረስ ቀሉ። ዋሊድ አንገቱን አስግጎ፣ የሚያውቃቸውን ኮረብታዎች አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ።

«ወላሂ፣ እኔ እንደዚህ መሆኔን ሚስቴም አያውቅ» አለ። ቆይቶም፣ «ባለፈው ወባ ይዞኝ ነበር። ሌላ ሹፌር መንገዱን ይወቅ፣ እኔ አሳየዋለሁ» አለ።

ኪዳኔ ሁለተኛ ሹፌር አስፈቀደ።

በተከታዩ ክረምት ወንዙ ከአምናው ብሶ ሞላ፤ መኪናም ሰውም አላሳልፍ አለ። ዋሊድ ከወዲህ ማዶ መኪናውን አቁሞ ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ ለጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ስልክ ደወለ።

«ዓፊያ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል። ምነው?»

«ምንም። ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው» አላት፤ ከዚያም ለየሺሀረግ ደወለ።