ሳይነካ የተሰማው ጣት

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የልብስ ሰፊዋ አመልካች ጣት የእሷ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ዘመዱ ሆኗል። የመጣ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጣቷን አንሥቶ ይቆነጥጣል። «ተሰማሽ?»

የተሰበረ የመስኮት መስታወት የእጅ አንጓዋ ላይ ነርቩን ቆርጦት ነበር። ሁለቱ ጫፎች ተራርቀው አልገናኝ ስላሉ ሐኪሙ በመካከላቸው ማካሮኒ የምታህል ለስላሳ ቱቦ አስገባ። «ቱቦዋ መንገድ ታሳያለች እንጂ አትጎትትም» አለ። «ነርቩ በውስጧ ራሱ እያደገ ይሄዳል፤ እሷም ሥራዋን ስትጨርስ ሟሙታ ትጠፋለች። ትዕግሥት ብቻ ነው።»

ትዕግሥቱ የታዘዘው ለእሷ ነው፤ ለዘመድ የነገረው የለም። አማቷ «ማካሮኒ በአፍ እንጂ በእጅ ይገባል?» እያሉ በመርፌ ይወጓታል። ባሏ በረዶ ውስጥ የከረመ ማንኪያ ያስነካታል። «አልተሰማኝም» ካለች ምክር ይከተላል፤ ምክሩ ከመርፌው ይብሳል። «ተሰማኝ» ካለች ግን ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደ ወሬው ይመለሳል። ስለዚህ ይሰማት ጀመር። ለአማቷ ተሰማት፣ ለጎረቤት ተሰማት፣ አንድ ቀን ባሏ ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያውን ገና ሲከፍት «ተሰማኝ» አለችው።

ዛሬ ግን ሐኪሙ የሚወስነው ነገር አለ። ነርቩ ቱቦውን ካላለፈ አንጓዋ እንደገና ይከፈታል፤ ከባቷ ሌላ ነርቭ ተወስዶ ይተካል። ቢላዋውን ትፈራለች። ከቢላዋው ይልቅ ግን የሞተ ነርቭ ታቅፋ መቀመጥን ትፈራለች፤ ጨርቅ የማይለይ ጣት ይዞ ስፌት የለም።

«ዐይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎት ይንገሩኝ» አለ ሐኪሙ።

ጨፈነች። «ተሰማኝ።»

«ገና የምነካበትን ክር እያወጣሁ ነው።»

አብረዋት የመጡት አማቷ ከጎን ገቡበት። «ዶክተር፣ ቤት እኮ ደህና አድርጎ ይሰማታል። እኔው ራሴ በመርፌ እየወጋሁ አረጋግጫለሁ።»

«በምን?»

«ንጹሕ መርፌ ነው።»

ሐኪሙ ጣቷን ገልብጦ አየው። ወንፊት መስሏል። «ይኼን ሁሉ ሲወጓት አልጮኸችም?»

«ጨዋ ናት» አሉ አማቷ።

ሐኪሙ ውጭ እንዲጠብቁ ለመናቸው። «ምን ሊደብቁኝ ነው?» እያሉ ወጡ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርገው ተዉት።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ስንቴ ነው በትክክል የተሰማዎት?»

«አንዴም። እንዲተዉኝ ብዬ ነው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ የጠራ ነገር ግን አላየም መሰል ተነፈሰ። «እንግዲያው ጣቱን እንተወውና ነርቩን እንጠይቀው» ብሎ ከጠባሳው በክንዷ በኩል ጀምሮ ወደ መዳፏ አንጓዋን በጣቱ መታ መታ ያደርግ ጀመር። እሷ ዐይኗን ጨፍና አፏን ገጥማ ተቀመጠች፤ ከእንግዲህ የራሷንም ቃል አታምንም። ጠባሳው ላይ ምንም የለም። ጠባሳውን አልፎ መዳፏ ሥር ሲደርስ አንድ ነገር ወደ ጣቷ ሽው አለ። ሐኪሙ ሊፈትናት ጠረጴዛውን መታ፤ ምንም የለም። ተመልሶ እዚያው ቦታ ሲመታ እጇ ሳታዝዘው ብድግ አለ።

«ኤሌክትሪክ ነው እኮ፤ ምን አደረጉኝ?»

«ነርቩ ከቱቦው ወጥቷል» አለ ሐኪሙ። «አንከፍተውም። ጣቱ ጫፍ እስኪደርስ ግን ገና ወራት አለው።»

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ «ወራት» የሚለው ቃል ገባት። በገርባባው በር የአማቷ ጆሮ ይታያል።

«ዶክተር፣ ይኼን እጅ በጀሶ ማሸግ አይቻልም?»

«ነርቩ ጀሶ አያስፈልገውም።»

«ለነርቩ አላልኩም።»

ሐኪሙ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወፍራሙ ፋሻ ያለበትን መሳቢያ ከፈተ።