የጠመኔው መስመር

ነጩን ጋዝ በጨርቅ ጠርጋ እንደጨረሰች ጠመኔውን በባዶው ብረት ላይ ታሽ ጀመር። ከላይ እስከ ታች፣ ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ፣ አንድም ቦታ ሳትዘል አሸችው። ሥራው ሲያልቅ ቴላዮው፣ ሞተሩም ጎማውም ወንበሩም የሚታሰርበት የብረት አጽም፣ ዱቄት ውስጥ የተንከባለለ መሰለ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ባዶ የዘይት ጣሳ ገልብጣ ተቀመጠችና መጠበቅ ጀመረች።

የሟቹ ባለቤቷ ደንብ ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱን ነጭ ጋዝ ያጠጣዋል፣ ያደርቀዋል፣ ጠመኔ ያለብሰዋል። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጠመኔው እንደነጣ ይቀራል። ስንጥቅ ካለበት ግን የጠጣውን ጋዝ መልሶ ይተፋና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። እሱ በሕይወት ሳለ እሷ መብራት ትይዝለት ነበር እንጂ ይህን ሁሉ አታውቅም። ካረፈ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩን ለማንበብ ስትል በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። አሁን ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረች ታነበዋለች። እሱ ጓሮው ክፍል ውስጥ ትቷቸው የሄደውን አሮጌ የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክሎች፣ በኮረብታና በጭቃ ላይ ሲዘለልባቸው የኖሩትን፣ አንድ በአንድ እየፈታች፣ እያጠበች፣ እየገጠመች ነፍስ ትዘራባቸዋለች። ሰፈርተኛው እሳት በሚጭረው የሞተር ዕቃ ስም "እማማ ካንዴላ" ብሏታል።

በዚህችኛዋ ግን ባለቤቷ ራሱ ተወዳድሮባታል፤ ከልጃቸው በአራት ዓመት ትበልጣለች። እሑድ የድሮ ሞተሮች ውድድር አለ። ልጇ አባቱ በተቀመጠበት ወንበር ሊቀመጥ ነው። ነገ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ ሚስቱንና ሦስት ዓመት የሞላትን ልጁን ይዞ ነው። የልጅ ልጇን ያቀፈቻት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በተወለደች በወሩ ነው።

መስመሩ ከመሪው አንገት ሥር ብቅ አለ። የራሷ ጸጉር የወደቀበት መስሏት እፍ አለችበት። አልሄደም። ጠርጋ እንደገና ጠመኔ አሸችበት። ጠበቀች። ተመልሶ መጣ፤ ርዝመቱ ጥፍር የሚያህል፣ ቀጭን፣ ጥቁር።

ክው አለች። አንገቱ ማለት ሞተሯ ከዝላይ ስታርፍ የሰውንም የብረቱንም ክብደት የሚቀበል ቦታ ነው። እሱ ከተቆረጠ የፊት ጎማው ለብቻው፣ ነጂው ለብቻው ነው የሚሄዱት።

ጎረቤቷን በያጁን ጠራችው። የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ።

"እማማ ካንዴላ! ደግሞ ዛሬ ምን ሰበሩ?"

"ና እስቲ ይቺን እያት።"

ጎንበስ አለ። "የቷን?"

"ይቺን! ዓይንህን በብየዳ ጨረስከው እንዴ?"

"እ... ይቺን? ይቺማ ጭረት ናት።"

"ጭረት ጋዝ አይጠጣም።"

ሳቀ። "እሺ፣ ስንጥቅ ትሁን። ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ትንሽ ብየዳ ጠብ ላድርግባትና በሞረድ ላስተካክላት። ቀለም ከለበሰች በኋላ ማን ያያታል?"

"ሲዘልባት መሬቱ ያያታላ።"

"ኧረ እማማ! ሰውዬው በሕይወት እያሉ እርስዎ እንዲህ አያስቸግሩም ነበር።"

"እሱ እያለ የሚጨነቀው እሱ ነበር፤ እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ። ጭንቀቱን አውርሶኝ ሄደ።"

ደብተሩን አምጥታ ገጹን ገለጠች፤ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችለት። "የመሪ አንገት ከተሰነጠቀ አይበየድም። ቱቦው ይቀየር።"

በያጁ ጭንቅላቱን አከከ። "እውነታቸውን ነው። ብረቱ ራሱ ደክሟል፤ እዚህ ጋ ስበይደው እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። እንደሱ ያለ ቱቦ ለማግኘት ግን አንድ ወር፣ ሁለት ወር..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለአንድ ቀን ግን ብትበየድ ትችል ይሆናል። ልጅዎም ይመጣል፣ እርስዎም ደስ ይልዎታል።"

ደብተሩን ዘጋችው። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ብቻዋን ከቴላዮው ጋር ተፋጠጠች። ጠመኔውን በእጇ ጠረግ ብታደርገው መስመሩን ከእሷና ከበያጁ በቀር ያየው ሰው የለም። ዛሬ ትቀባዋለች። ነገ በሩ ይንኳኳል፤ ከባለቤቷ ሞት ወዲህ የራሷ እርምጃ ብቻ በሚሰማበት ኮሪደር ላይ የትንሽ ልጅ እግር ይሮጣል። እጇ ወደ መስመሩ ሄደ። አውራ ጣቷ ግማሹን ከጠረገ በኋላ እሳት እንደነካው ሰው መለሰችው።

ወዲያው ስልኩን አንስታ ደወለች።

"እማዬ! አለቀች?"

"አንተ ልጅ፣ ሰላምታ አይቀድምም?"

"ሰላም ነሽ? አለቀች?"

"ደህና ነኝ። ስማኝ የኔ ጌታ፣ ቴላዮው ተሰንጥቋል። አንገቱ ላይ።"

ልጇ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማች። "እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ?"

መጠርጠሩ አያስወቅሰውም። ባለፈው ዓመት ሞተሯን ሊያስነሱ ሲሉ ቤንዚኑን የሚመጥነው የካርቡራተሩ መርፌ ጠፋ። "በሌላ ሳምንት ና፣ እስከዚያ እፈልገዋለሁ" አለችው። በሳምንቱ መጣ፤ ምሳ ስታቀርብለት መርፌው ከሽርጧ ኪስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያም በፊት እሱ አጥብቆ የሄደውን ብሎን እየፈታች "ላልቷል፣ ና" ብላዋለች። "ናፍቀኸኛልና ና" ብላው ግን አታውቅም። እናትን ማየት ብቻውን ሰው ሥራውን ጥሎ የሚመጣበት ጉዳይ አይመስላትም ነበር።

"አሁን አልዋሸሁህም" አለችው።

"እሺ፣ ፎቶ ላኪልኝ።"

"በፎቶ አይታይም። ጸጉር ነው የሚያህለው።"

"አየሽ? የማይታይ ስንጥቅ!" ሳቀ፤ ሳቁ አልጣማትም። "ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሻንጣ ታስሯል፣ ልጅቷ 'የአያቴ ሞተር፣ የአያቴ ሞተር' እያለች ጆሮዬን በልታዋለች። አሁን ደግሞ በሌላ ጊዜ ና እያልሽ ልታመላልሺኝ ነው?"

"ልጄ፣ እንድትመጣ ብዬ ዋሽቼሃለሁ። እንዳትመጣ ብዬ ግን ዋሽቼህ አላውቅም።"

ልጇ ድምፁን አለዘበ።

"ይሁን፣ ተሰንጥቋል እንበል። በያጁ ይበይዳታል። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምነዳት።"

"ቀስ ብዬ? አንተ?"

"እናቴ ትሙት!"

"ቆይ፣ እኔን ገድለህ ነው የምትነዳው?"

ሁለቱም ሳቁ። "ነገ መጥቼ ራሴ አያታለሁ" አለ ልጇ። "አብረን እንወስናለን። እሺ እማዬ?"

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ግን እንደያዘችው ቆመች። መጥቶ እንዴት እንደሚያያት ታውቃለች፤ ማየት በማይፈልግ ሰው ዓይን ነው የሚያያት። እሷ ራሷ ግማሹን ጠርጋው የለ? ነገ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ "አንድ ቀን ብቻ እማዬ" ሲላት፣ እምቢ የምትልበት አቅም ከየት ይመጣል? ዛሬ ቤቱ ባዶ ነው። ዛሬ ትችላለች።

ቴላዮውን ብረት ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችና የብረት መጋዙን ከግድግዳው አወረደች። መጋዙ መጀመሪያ ጠመኔው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ከዚያ ብረቱን ነከሰ። ባለቤቷ ያንን አንገት ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ለሕፃን ፊት በሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ሲወለውለው ታስታውሳለች። "አንተም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው" አለችው ድምፅ አውጥታ፤ ማንም ስላልመለሰላት ቀጠለች። ክንዷ ሲዝል ታርፋለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ ትስባለች። አንገቱን ከቴላዮው ጋር የያዘው አንደኛው ቱቦ ተቆረጠ፤ ሁለተኛው ተከተለ። አንገቱ ከነመስመሩ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

አንገቱንና ቀሪውን ቴላዮ ጎን ለጎን አስቀምጣ ፎቶ አነሳቻቸው። ይህ በፎቶ ይታያል፤ ይህንን የሚበይድ የለም።

ለልጇ መልእክት ጽፋለት አታውቅም፤ ሁልጊዜ ትደውላለች። አሁን ድምፁን ደግማ ከሰማች የምታለቅስ መሰላት። መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ ፊደሉን እየፈለገች፣ ከፎቶው ሥር ጻፈች። "ቆርጬዋለሁ። ቱቦ ሲገኝ እጠራሃለሁ።"

መልሳ አነበበችው። ቱቦ። መርፌ። ብሎን። ያው የድሮው አጠራሯ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ፊደል በፊደል አጠፋቻቸው። በምትካቸው፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ ጻፈችና ላከችው፤ "ሞተር የለም። እኔን ለማየት ኑ።"