ምስክር ያጣ ፉከራ

መኳንንት ከካሳራኒ እስከ ዌስትላንድስ ሁለት ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ፣ ቀይሮ የመጣው ምሳ ሊበላ አልነበረም። ኮቱ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ አለ፤ «ያቀረቡት ታሪክ የእርስዎን የግል ድርሻ ስለማያሳይ የጥገኝነት ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ይግባኝ ለማለት ከተሰጠው ሠላሳ ቀን ሃያ አንዱ አልቋል። የሚያስፈልገው ምስክር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ አገር ቤት መምህራን ለሹሙ አቤቱታ ባቀረቡበት ቀን እዚያ የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት አብሮት ያስተማረው ዓለምሰገድ። እሱም ጥገኝነቱ ተፈቅዶለት ማክሰኞ ከነቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ ይበርራል። ዛሬ በወይዘሮ ወርቂቱ ምግብ ቤት የስንብት ግብዣው ነው።

ጥፋቱ የራሱ የመኳንንት ነው፤ አንጀቱን የሚያሳርረውም ይኸው ነው። የጥገኝነት ጉዳዩን የመረመረችው ጠያቂ «አቤቱታውን በሹሙ ፊት ያነበበው ማን ነው?» ስትለው «መምህራኑ» አለ። «የተደበደበውስ?» ስትለው «ብዙ ሰው» አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው የራሱን ገድል በራሱ አፍ ሊያወራ ነው? አያቱ ፎካሪ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ሰው ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ!» የሚለው አብረውት የዘመቱት በተቀመጡበት ነበር፤ ቢዋሽ እዚያው ያዋርዱታል። መኳንንት ለተማሪዎቹ የሚያጽፈውም ፍቺ ከዚያ የተቀዳ ነው፤ «ጉራ ማለት ምስክር ያጣ ፉከራ ነው።» ቃሉ ከዚህ መጣ ከዚያ መጣ እያሉ ሥር የሚፈጥሩ ሰዎች ያበሽቁታል። «ሥሩን አላገኘሁትም» ይላል፤ «የበቀለበትን መሬት ግን አውቃለሁ። ሰው በማያውቁት ሰዎች መካከል አፉን የከፈተ ዕለት በቀለ።»

ሲገባ ዓለምሰገድ ብርጭቆውን አንሥቶ ቆሟል።

«ወረቀቱን ዘረጋሁ» ይላል። «ሹሙ "ካነበብክ አለቀልህ" አለኝ። ላብ እንኳ አልወጣኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወርቂቱ እልልታዋን ለቀቀችው።

የመኳንንት ጆሮ ጋለ። «ካነበብክ አለቀልህ» የተባለው እሱ ነው። ዓለምሰገድ ያን ጊዜ በጓሮው መስኮት ወጥቶ አጥር እየዘለለ ነበር።

ዓለምሰገድም አየው፤ አልደነገጠም። ሰውየው ስለ ራሱ ትንፍሽ እንደማይል ያውቃላ! «ይኸው ጋሽ መኳንንት መጡ! እሳቸውም እዚያ ነበሩ፤ ይመስክሩ!»

«እመሰክራለሁ» አለ መኳንንት። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። ክንዴን የሰበሩትም የእኔን ነው። አንተ በመስኮት ወጣህ፤ አንድ ጫማህን እንኳ ጥለህ!»

ከጥጉ የመኪና መለዋወጫ የሚነግደው ጆኒ «ኧረ ጋሼ!» አለ። «ዝም አይነቅዝም ሲሉን ኖረው፣ ዛሬ እርስዎም ጉራ ጀመሩ?»

ሳቁ ፈነዳ።

መኳንንት ዓለምሰገድን እጅጌውን ይዞ ወደ ደረጃው አወጣው። «ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ያየኸውን ብቻ።»

«ጋሼ፣ እኔ አነበብኩ ብዬ ፈርሜያለሁ። ለእርስዎ ከመሰከርኩ የእኔ ፋይል ይፈርሳል። ልጆቼ ሻንጣቸውን ዘግተዋል።»

«ታሪኬን ሰረቅከኝ!»

«መቼ ሰረቅኩ? ጥለውት አገኘሁት። ሲጠይቁዎት "መምህራኑ" አልኩ ብለው የነገሩኝ ራስዎ አይደሉም? እኔስ መምህር አይደለሁም?»

መኳንንት በጥፊ ሊለው እጁን አነሣ። ያ ክንድ ከተሰበረ ወዲህ ከትከሻው በላይ አይወጣም፤ መንገድ ላይ ቀረ። ዓለምሰገድ አየና ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ወደ ግብዣው ተመለሰ።

ወደ ቤቱ በሚመልሰው ማታቱ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። መኳንንት ጥርሱን ያፋጫል። ያ ሌባ በአንድ ነገር አሸንፎታል። በራሱ በመኳንንት ፍቺ ከሄድን ዓለምሰገድ ጭብጨባና እልልታ አለው፤ መኳንንት እውነቱን ይዞ ምስክር አጥቷል። ጉረኛው ማን ሆነ? ይህን ፍቺ ነው እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ሲጠቀጥቅ የኖረው! ለዋሾ መሰላል፣ ለጨዋ ልጓም።

ቤቱ እንደገባ የድሮ ደብተሩን አወጣና ፍቺውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘው። በንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ «አቤቱታውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የተደበደብኩት እኔ ነኝ። ያየው ሰው ለእኔ አይመሰክርም።»

ሚስቱ ጥሩወርቅ በትከሻው በኩል አነበበች። «አንተ ሰው፣ ይኼ እኮ ለሰው ጉራ ይመስላል።»

«ይምሰል!»

«እኔንም ስለ ክንድህ ሲጠይቁኝ "አሞት ነበር" ነው ያልኳቸው። ባሏን ታሞካሻለች እንዳይሉኝ ብዬ» አለች። «ያን ክንድ በነጠላዬ አስሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግፌው ያደርኩት እኔ አይደለሁም? ከታች ቦታ ተውልኝ።»

«የሚስት ምስክርነት አንቀበልም ይሉሻል።»

«ይበሉ!» አለች ጥሩወርቅ፤ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችው።