ያልተጻፈው አሥራ ሁለተኛ መስመር

የፕሮግራመሯን ወንድም የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ጋሽ ዝርዝር» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እሷው ናት፤ የእናት ልጅ እንዳይቀልድ ማን ይከለክለዋል። በኩላሊት እጥበት ክፍሉ የኮምፒውተር ሥራ እሱ አለቃ፣ እሷ ፕሮግራመር ናቸው። ፕሮግራማቸው ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ ባስቀመጧቸው ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ጥቅል ቀን ያሰላል፣ ሌላው ከላቦራቶሪው ጋር ያገናኛል። የጥቅሎቹ ስም ከነእትም ቁጥራቸው በአንድ አጭር ፋይል ይዘረዘራል። አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ያንን ዝርዝር አንብቦ የተጻፈውን ብቻ ይጭናል። ሥራ የጀመረች ዕለት ወንድሟ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ፣ «በዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ የለም» አላት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳይል የዋለበት ቀን የለም፤ ሰው ሁሉ ሰለቸው።

አሮጌው ኮምፒውተር በአዲስ በተተካ በአምስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሞቱ። የደም ምርመራቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ነበር፤ ፖታሺየማቸው ልብ የሚያቆም ደረጃ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ፕሮግራሙ የተረኛዋን ነርስ የወገብ መጥሪያ ማስጮህ አለበት። መጥሪያው ይጮሃል እንጂ መቼ እንደጮኸ አይመዘግብም። የሚመዘግበው ፕሮግራሙ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ «8፡31 ተልኳል» ይላል። ነርሷ ተጠርታ አልመጣችም ተብላ ከሥራ ታገደች፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ መዝገቡም ታትሞ እንደ ምስክር ቀረበ።

ፕሮግራመሯን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ቢሯቸውን ከሕሙማን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ ድሮ መጥሪያው በሳምንት አምስት ስድስቴ ሲጮህ ትሰማ ነበር። ኮምፒውተሩ ከተቀየረ ወዲህ አንድም ቀን አልሰማችም። መዝገቡ ግን ሰባት ጊዜ «ተልኳል» ይላል። የቀሩትን ስድስት ሕሙማን ሐኪሞቹ ለዙር ሲመጡ በእግዜር ቸርነት ደርሰውላቸዋል።

ኮዱን ከፍታ መስመር በመስመር ወረደች። መጥሪያውን የሚያስጮኸው አንድ ትንሽ ጥቅል ነው። ዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ስም አለ፤ የዚህ ጥቅል ስም የለም። ወንድሟ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለአንድ ከሰዓት ልሞክረው ብሎ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ በእጁ ጭኖታል፤ ሲሠራለት በዚያው ረሳው። ይባስ ብሎ፣ ጥቅሉ በሌለበት ላፕቶፑ ላይ ሲሠራ እንዳያስቸግረው፣ «ከሌለ ዝም ብለህ እለፍ» የሚል ትእዛዝ አክሎበታል። አዲሱ ኮምፒውተር የታዘዘውን አደረገ፤ ዝም ብሎ አለፈ። ከታች ያለው መስመር ደግሞ፣ መልእክቱ ይላክ አይላክ ሳይጠይቅ «ተልኳል» ብሎ ይጽፋል። እሷም ብትሆን ንጹህ አይደለችም፤ ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ያዛወረችው ራሷ ናት። ዝርዝሩን ተማምና፣ ከግድግዳው ማዶ ሄዳ መጥሪያውን አንዴ እንኳ አላስጮኸችም።

«ጋሼ፣ ይችን እያት» አለችው።

አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ስሙን ጨምሪበትና ተይው» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ይጮሃል። ሰውየው እንደሆኑ አይመለሱም።»

«ነርሷስ?»

«እሷ ሌላ ሥራ አታጣም። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ደግሞ ማን ፋይል ከፍቶ ያያል?»

«እኔ አየሁ።»

«ማየቱን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አላት።

«አዎ፣ አንተ ነህ» አለችው።

ትወደዋለች። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላችው። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ጻፈች። የለውጡ ምክንያት በሚሞላበት ቦታ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደረሳ፣ የራሷንም ጥፋት ሳትደብቅ አሰፈረች፤ አትማ አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው ሰጠች። ወንድሟ ሊያስቆማት አልሞከረም። ፊቱን ወደ ስሱ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ ነበር።

ነርሷን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ዕቃዋን ከሎከሯ ስታወጣ አገኘቻት።

«መጥሪያሽ አልጮኸም» አለቻት። «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

ነርሷ ነጭ ጫማዋን እንደያዘች ቆመች።

«ተይ እባክሽ እህቴ» አለች። «አውቃለሁ፣ ልታጽናኚኝ ነው። ያን ቀን ደክሞኝ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጮኋል። በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼዋለሁ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ትናንት ለኮሚቴው ሰምቼ ነው ያልተነሳሁት ብዬ ፈርሜያለሁ። ለሰውየውም ሚስት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ምን ይበሉኝ? በሩን ዘጉብኝ።»

ፕሮግራመሯ ወረቀቱን ዘረጋችላት። «አልጮኸም» አለች እንደገና። «ሊጮህም አይችልም ነበር።»

ነርሷ ወረቀቱን አልተቀበለችም። ጫማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ እኔ የምሰማው ምንድን ነው?» አለች።