እናቴ በምስጋና የተወቻቸው

እናቴ በየዓመቱ ማመስገን የጀመረችው ወንድሜ ከሞት አፍ ከተመለሰ ወዲህ ነው። ገና ልጅ ሳለ አንድ ክረምት ሙሉ በትኩሳት ሲቃጠል ከርሞ፣ ዝናቡ ባቆመበት ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ "ራበኝ" አለ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አበላችው። ከዚያ ደግሞ በምላሹ ለፈጣሪ ምን እንደምትሰጥ ማውጣት ማውረድ ያዘች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ውለታ እንቅልፍ ይነሳታል። ስለዚህ ከምግብ ሁሉ የምትወደውን ሥጋ ተወች።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወንድሜ ግን በሚቀጥለውም ክረምት አልሞተም። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ያን ጠዋት አስታወሰችና ቅቤ ተወች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ወንድሜ ሲወፍር የእናቴ ሳህን እየሳሳ ሄደ። ዓሣም ሄደ፣ እንቁላልም ሄደ፣ በመጨረሻ ወተትም ተከተለ። ወንድሜ አድጎ የብረት በር በያጅ ሆነ፤ ትከሻው ራሱ በር ያክላል።

እኔ ታናሽየዋ ነኝ። አንድም ቀን ታምሜ ስለማላውቅ በስሜ የተተወ ነገር የለም። አንዴ "ለእኔስ?" ብላት፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ "አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽና!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የከዳት እግሯ ነው። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች "ይሄ ፔዳል ጥጥ ጥጥ አለኝ" ትል ጀመር። ወንድሜ ፔዳሉን ፈታው፣ ዘይት ቀባው፣ ያልላላ ብሎን አጠበቀ። መኪናው ጤነኛ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ እግር ጫማ ብቻ ተጫምታ ሱቅ ደርሳ ተመለሰች፤ ሌላኛው ነጠላ ጫማ ከደጃፉ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር። ምላሷ ቀላ፣ ይለበልባት ጀመር። የለካችውን መርሳት አመጣች። የወፍራሙን ሥጋ ሻጭ ሱሪ በቀጭኑ አስተማሪ ልክ ሰፋችው። ሰውየው ከመጋረጃው ጀርባ ከሱሪው ጋር ሲታገል ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና፣

"እትዬ፣ እርስዎ ሥጋ ቢተዉ እኔም ልክሳልዎት እንዴ?" አላት።

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ሱሪውን ተቀብላ ስፌቱን መተርተር ጀመረች፤ መቀሱ ጣቷን ነክቶት ሲደማ ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አልሰማችውም።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳት።

"እርጅና ነው። ለእርጅና ሐኪም ምን ያደርጋል?"

ሐኪም ቤት የወሰዳት የራሷ ሕመም አይደለም። ወንድሜ ጉንፋን ይዞት ከሥራ ገባና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እናቴ ከመኪናዋ ተነስታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሄዳ፣ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

"ቀዝቃዛ ነህ። ደህና ነህ የኔ ጌታ" አለችው።

ውሃ ሳቀብለው ክንዱ ነካኝ። ካውያ የነካሁ መሰለኝ።

"እማ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ምድጃ ሆኗል!"

እጇን መለሰችው። በመዳፏ ሞከረች፣ በእጇ ጀርባ ሞከረች፣ አንገቱ ሥር ሞከረች። ያን ክረምት ሌሊቱን ሁሉ ትኩሳቱን የለካችው በዚህ እጅ ነው። ቤታችን የትኩሳት መለኪያ ገብቶ አያውቅም፤ አስፈልጎንም አያውቅም። እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አውጥታ፣ የሰው ዕቃ እንደምትመረምር ሁሉ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ቢቃጠልም አላውቅም ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ።

በማግስቱ ወንድሜ ኪኒኑን ውጦ ተኝቶ ሳለ፣ እሷ ጫማዋን ሁለቱንም አድርጋ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው ሲስተር በዕድሜ ከእኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። የእናቴን እግር በስፒል ጫፍ እየነካካች "ይሰማዎታል?" ብትላት፣ እናቴ "ምኑ?" አለቻት። ደም ተቀዳ፤ ውጤት ጠበቅን። ሲስተሯ ወረቀቱን አይታ ወንበሯን ወደ እናቴ ሳብ አደረገች።

"እናቴ፣ ቢ የሚባሉ ቫይታሚኖች ብዙ ናቸው፤ እንደ ቤተሰብ ያስቧቸው። የበሉትን ወደ ጉልበት የሚለውጡ አሉ፣ ደም ለመሥራት የሚያግዙ አሉ። ብዙዎቹን ከባቄላው፣ ከእህሉ፣ ከቅጠሉ ያገኛሉ። ቢ አሥራ ሁለት የምትባለው ግን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው የምትገኘው። ነርቭ ያለ እሷ አይሆንለትም። ጉበት ለዓመታት ያስቀምጣታል፤ የእርስዎ ጎተራ ባዶ ሆኗል። ከእነዚህ የትኛውን ነው የሚበሉት?"

እናቴ እኔን አየችኝ።

"የጠሩትን ሁሉ ትታለች፣ ሲስተር" አልኩ። "ቅደም ተከተሉን ከፈለጉም እነግርዎታለሁ።"

ሲስተሯ መርፌ አዘጋጀች። እናቴ እጅጌዋን ከመሰብሰቧ በፊት ጠየቀች።

"ልጄ፣ ይሄ ከምን የተሠራ ነው?"

"ፋብሪካ ውስጥ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን።"

"ሥጋ አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ይታለባሉ?"

"ኧረ አይታለቡም፣ እናቴ።"

"ውጊኝ እንግዲህ።"

ስንወጣ ሲስተሯ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ ትንሽ ዘግይተን ቢሆን የእጅ እግሯ ስሜት የማይመለስ ይሆን እንደነበር፣ አሁንም ሁሉም ላይመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ መንገዱን ሙሉ እጄን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት እያየች ሄደች።

መርፌው ቀጠለ። ስሜቷ ሲመለስ በሕመም ነው የተመለሰው፤ እግሯን እሳት እሳት እያላት ስታቃስት ታድራለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ከፊት ክፍል "ወጋኝ! ወጋኝ!" ስትል ሰምተን ሮጥን። ወለል ላይ የወደቀ ስፒል ረግጣ፣ እግሯን ይዛ ስታለቅስ አገኘናት። ስፒል ወግቶት እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ክረምቱ ወጣ። ዝናቡ ባባራበት ጠዋት እናቴ መቀሷን አስቀምጣ ሁለታችንን ጠራችን።

"ዘንድሮ ምስጋናዬ እጥፍ ነው" አለች። "አንዱ ለልጄ ሕይወት፣ አንዱ ለእጄ። ስለዚህ ባቄላና ዘይት ትቻለሁ።"

ወንድሜ የተወቻቸውን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ፣

"ለከርሞስ?" አላት። "አየር ነው የቀረሽ።"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም፣ እማ። ሰው ብረት ተሸክሜ ሲያየኝ 'ምን ያለ ጎረምሳ ነው!' ይለኛል። የበላሁት ግን ያንቺን ድርሻ ነው። በእኔ ስም አትራቢ፤ ይብቃሽ።"

"የሰጠሁትን ብወስድ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ?"

"ምን ይመጣል?"

ሁላችንም እናውቀዋለን። እሷ የተወችው ነገር ሁሉ የትኩሳቱን በር የደገፈ ዕቃ ነው፤ አንዱ ከተነሳ በሩ ይከፈታል። ይሄን ሁሉ ዓመት በሩን ይዛ ቆማ ነበር።

ወንድሜ ወደ ማድ ቤት ገባ። ውሃ ሲፈላ ሰማን። የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዞ ተመለሰ፤ ራሱ ስለላጠው ግማሹ ከቅርፊቱ ጋር ሄዷል። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ግራ እጇን ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው።

"ይኸው። አሁን እጅሽ ያውቃል። ካተኮሰኝ ትተፊዋለሽ።"

እናቴ እንቁላሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጫፉን ቀመሰች። አላመጠችና ቆመች፤ መዳፏን ከግንባሩ ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ አንገቱ አዛወረች። ጠበቀች። ደግማ ቆረሰች።

"አልቦሃል" አለች ደንግጣ።

"ከቅርፊቱ ጋር ታግዬ ነው።"

አንድ ደንበኛ በሩን አንኳኳ። ወጥቼ በኋላ እንዲመለስ ነገርኩት። ስገባ ሳህኑ ባዶ ነው፤ እጇ ግን አሁንም ወንድሜ ግንባር ላይ ነው፤ እሱም ጉልበቱ እያመመው ዝም ብሎ ተንበርክኳል።

"አንቺም ነይ" አለችኝ።

"እኔ ምን ሆንኩና?"

"ነይ አልኩሽ።"

ከወንድሜ ጎን ተንበረከክሁ። ቀኝ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈችው። መዳፏ ሻካራ ነበር፤ እንቁላል እንቁላል ይላል። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

"ቀዝቃዛ ነሽ" አለችኝ።

በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር።