ስምንቱ ገጾች

ፋንቱ በአምቦ ከተማ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማይዋሱትን መጻሕፍት ታስነብብ ነበር። ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከጊንጪ ወዲያ ካለ ቀበሌ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጡ፣ ስለ ስኳር በሽታ ለማንኛውም ሰው እንዲገባ ተደርጎ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ያነቡ ነበር። ታማሚዋ ባለቤታቸው አዴ ሃዋኒ ናቸው። ያነበቡትን በደብተር ገልብጠው፣ ቤት ሲገቡ በኦሮምኛ ይነግሯቸዋል።

አንድ ቅዳሜ መጽሐፉን ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አድርሰው እንዲመልሱ ለመኗት። ደንቡ አይፈቅድም አለቻቸው። በሳምንቱ ስለ እግር ቁስል የሚናገሩት ስምንት ገጾች ከመጽሐፉ ጎደሉ። ፋንቱ ሌላ ሰው አልጠረጠረችም። አዳራሹ ውስጥ የሚያነቡ ተማሪዎች ቀና ብለው እያዩ፣ "የቀደዱት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይዎት" አለቻቸው።

ሽማግሌው አልቀደድኩም ብቻ ብለው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ።

ከሁለት ወር በኋላ መሳቢያዋን ስታጸዳ ስምንቱን ገጾች አገኘቻቸው። ከጥራዙ ሲላቀቁ በኋላ አጣብቃቸዋለሁ ብላ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ነበረች።

በማግስቱ ገጾቹን ኮፒ አስደርጋ፣ ሰው እየጠየቀች ቤታቸው ደረሰች። አዴ ሃዋኒ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ግራ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ቁስሉ ሳያማቸው ውስጥ ውስጡን አመርቅዞ፣ ሁለት ጣታቸው ተቆርጧል።

ፋንቱ ለባልና ሚስቱ ምንም ሳትደብቅ ሁሉንም በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

"ያን ጊዜ ባነበው ጣቶቿ ይተርፉ ነበር?" አሏት ኦቦ ደቻሳ።

"እርግጠኛ አይደለሁም። ሊተርፉ ይችሉ ነበር።"

"እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ነው የምውለው" አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም።

አዴ ሃዋኒ ግን ቀኝ እግራቸውን ዘረጉና፣ "ለዚህኛውስ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ።

ፋንቱ አጠገባቸው ተቀምጣ እየተረጎመች አነበበችላቸው፦ እግርን በየቀኑ ማየት፣ በጣቶች መሀል በደንብ ማድረቅ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ያለ ጫማ አለመሄድ፣ ትንሽም ብትሆን ቁስል ከታየች ጤና ጣቢያ መሄድ። መሀል ላይ ማንበቧን አቋርጣ በፋሻ የተጠቀለለውን እግር አየች። አዴ ሃዋኒ እስክትቀጥል ጠበቋት።

ሰኞ ጥፋቷን ለኃላፊዋ ስትናገር፣ ገጾቹ ከተገኙ ምን ያስጨንቅሻል አሏት።

አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ አንድ ምዕራፍ ኮፒ አድርጋ ትወስድላቸዋለች። ኦቦ ደቻሳ ወንበር ያቀርቡላታል፤ ከሰላምታ ሌላ ግን ብዙ አያናግሯትም።